ትርጉም የሚሸከም ቀለም፦ ለጀማሪ ፕሮግራም ጸሐፊዎች

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ኮድ ስትጽፉ ኤዲተሩ ቃላቱን በቀለም እየለየ ያሳያችኋል። ያ ቀለም ጌጥ ነው። ኤዲተሩ ጽሑፉን አንብቦ ይቀባዋል እንጂ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ብታጠፉት ፕሮግራሙ ምንም አይጎድልበትም። እኔ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ሲለወጥ ፕሮግራሙንም ስለሚለውጥ ቀለም ነው።

የፎርዝ ቋንቋ ፈጣሪ ቻርልስ ሙር ዘግየት ብሎ ከለርፎርዝን ሠራ። በፎርዝ አዲስ ቃል፣ ማለትም ስም የተሰጠው ትእዛዝ፣ መፍጠር፣ ወይም በትርጓሜ መካከል አንድን ነገር እዚያው ማስፈጸም የሚቻለው በልዩ ምልክቶች ነበር። ሙር እነዚያን ምልክቶች አንሥቶ በቀለም ተካቸው። ቀይ ቃል አዲስ ትርጓሜ ይከፍታል፤ አረንጓዴ ወደ ማሽን ኮድ ተተርጉሞ ይቀመጣል፤ ቢጫ እንደተነበበ ይፈጸማል፤ ነጭ ማብራሪያ ነው።

«ካሬ» የሚል ቃል በቀይ ጻፉ እንበል። ፎርዝ የሚያሰላባቸውን ቁጥሮች አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ በቁልል ያቆያል፤ ቀጥሎ በአረንጓዴ የዚህን ቁልል አናት ቁጥር የሚደግመውን «ደፕ»ንና የማባዣ ምልክቱን አስከትሉ፤ ትርጓሜውንም ዝጉ። አሁን «5 ካሬ» ብላችሁ በቢጫ ብትጽፉ ወዲያው ተሰልቶ 25 ቁልሉ ላይ ይቀመጣል። አንዲት ፊደል ሳትነኩ አረንጓዴ ብታደርጉት ግን ለጊዜው ምንም አይሰላም፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚፈጸም ትእዛዝ ሆኖ ይቆያል።

በከለርፎርዝ ቃል የሚቀመጠው በ32 ቢት ክፍሎች ነው፤ 4ቱ ቢት የቀለሙን መለያ፣ 28ቱ ፊደላቱን ይይዛሉ። ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበ ነው ማለት ነው። የሥራውን ብልሃት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው የቃሉን ሚና ገና ሲጽፍ ስለሚወስን ኮምፓይለሩ ምልክት እያሳደደ አይደክምም።

ፕሮግራሙ ራሱ ሥዕል የሆነበት ፒየት የሚባል ቋንቋም አለ፤ ትእዛዙ የሚወሰነው ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሲታለፍ በሚታየው ልዩነት ነው። ለመደነቅ ይበቃል፤ ለዕለት ሥራ ግን አልመኝላችሁም።

የከለርፎርዝ ችግሩ ቀላል አይደለም። ተራ ጽሑፍ ቀለም አይሸከምም፤ ኮዱን ገልብጣችሁ በመልእክት ብትልኩት ወይም በጥቁርና ነጭ ብታትሙት ትርጉሙ መንገድ ላይ ይቀራል። የሁለት ቅጂዎችን ልዩነት መስመር በመስመር የሚያሳዩት የተለመዱ መሣሪያዎችም አይረዱትም። በዚያ ላይ ዋናው ሸክም የወደቀው ቀይና አረንጓዴ ላይ ነው። በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ያህል የሚቸገረው ደግሞ እነዚህኑ ሁለቱን ለመለየት ነው።

ይህን ስል ሐሳቡን ጣሉት ማለቴ አይደለም። የራሳችሁን ቋንቋ ለመሥራት ከተነሣችሁ በመጀመሪያ የቃላቱን ሚና ለዩ፤ መለያውንም ፋይሉ ውስጥ አኑሩት። ቀለም መምረጡ ለኋላ ይቆይ። መለያው ከተመዘገበ ኤዲተሩ ለአንዱ በቀለም፣ ለሌላው በወፍራም ፊደል ወይም ከሥሩ በተሰመረ መስመር ሊያሳየው ይችላል። በተራ ጽሑፍ ሲላክም መለያውን በምልክት መልሶ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም አዘጋጁለት፤ ይህን ለነገ አታሳድሩት፣ ኮዳችሁን ለሌላ ሰው በምታካፍሉበት በመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋችኋልና።