በዳዊቱ ኅዳግ የተጻፈው ዕድሜ

ይድረስ ለልጆቼ፤

በቅርቡ አንዲት የሕክምና ተማሪ «ዕድሜ የሚያረዝመው ደጋው ነው ወይስ ዘሩ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ የ1967 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ጉዞዬ ነው።

ገና ጀማሪ ሐኪም ነበርሁ። ከደባርቅ በላይ ባለች መንደር ዕድሜያቸው 120 ነው የተባሉ አዛውንት አገኘሁ፤ ዐድዋ መዝመታቸውንም ራሳቸው አጫወቱኝ። የደም ግፊት መለኪያውን ስጠመጥምላቸው ክንዳቸው ቀጭን፣ የልብ ምታቸው ግን የጎልማሳ ነበር። ሴት ልጃቸው «አያቴ የአባቴን ልደት በዳዊቱ ኅዳግ ጽፎታል፤ ከወንድሜ ቤት በማኅደሩ ተሰቅሏል፣ ላምጣልዎ?» አሉኝ። ጀንበር አዘቅዝቃ፣ በቅሎዋም ተጭና ስለነበር «ግድ የለም፣ አይድከሙ» ብዬ ተነሣሁ። በሪፖርቴም ረጅም ዕድሜያቸው የተራራው አየርና የዘራቸው ውጤት መሆኑን ያለ ጥርጥር ጻፍሁ። ከዓመታት በኋላ ስመለስ ሴትዮዋ አርፈዋል፤ ዳዊቱም የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። አዛውንቱ የአባታቸውን ዘመቻ እንደ ራሳቸው አድርገው ይተርኩ እንደሆነ ዛሬ ማን ይነግረኛል?

በኢኳዶሯ የተራራ መንደር ቪልካባምባ ሰዎች በአየሩ ምክንያት ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራሉ ተብሎ ብዙ ከተወራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ መዝገቡ ሲመረመር መቶ ዓመት የሞላው አንድም ሰው አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2004 የኢጣሊያዋን ደሴት የሳርዲኒያን ጥናት ያወጡት ሰዎች ግን አስቀድመው የልደትና የሞት መዝገብ አገላበጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው በደሴቲቱ ተራራማ ክፍል መቶ ዓመት የሚደፍኑት ወንዶች ከሴቶቹ ጋር የሚቀራረቡ መሆናቸውን የተናገሩት፤ በሌላው ዓለም ሴቶቹ እጅግ ይበልጣሉ። ያ ሕዝብ ለዘመናት ተገልሎ እርስ በርሱ ተጋብቷል፤ እረኞቹም ዕድሜ ልካቸውን ዳገት ወጥተዋል፤ አንዱን ከሌላው መነጠል ከባድ ነው። በዴንማርክ መንትዮች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ከዕድሜ ልዩነት በዘር የሚመጣው ሩብ ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

የዛሬ ወጣቶች ምራቃችሁን አስመርምራችሁ ዘራችሁን ለማወቅ ትቸኩላላችሁ፤ አያታችሁ መቼ እንደተወለዱ ግን አትጠይቁም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ይህን ሁሉ ብዬም ደጋው ለሰው ይስማማል ከሚል እምነቴ አልተላቀቅሁም። በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮች የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) መጠናቸው ከባሕር ጠለል ነዋሪ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ ግን አካላቸው ከፍታውን መልመዱን እንጂ ረጅም መኖራቸውን አያረጋግጥም።

በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ የዛሬ አዛውንት ልደት ተጽፎ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ ኅዳግ ላይ ነው። አንቺም የጠየቅሽኝ ልጄ፣ ለጥናትሽ ደጋ ስትወጪ ደም ከመቅዳትሽ በፊት ዳዊቱን አስወርጂ፤ ቢመሽብሽም እዚያው እደሪ።