ናይትሬቱ ሞዴሉ ላይ አልወርድ ሲል

ጥያቄ፦ «ቢሾፍቱ አካባቢ መረሬ አፈር ላይ የተዘራ የስንዴ ማሳ አለኝ። ናይትሬት ታጥቦ ወደ ታች መውረዱን በሃይድረስ ዋን ዲ (ውሃና የሟሟ ነገር በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ከማሳው የወሰድኩት ናሙና ክረምቱ ሳይጋመስ 60 ሳንቲሜትር መድረሱን ያሳያል። ሞዴሉ ግን ላይኛው 10 ሳንቲሜትር ውስጥ ያስቀረዋል። አንዳንዴም ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ያወጣል። ዲስፐርሲቪቲውን ከ1 ወደ 30 ሳንቲሜትር ባሳድገው ይሻላል?»

መልስ፦ ኧረ ተው! ዲስፐርሲቪቲ ናይትሬቱ ምን ያህል እንደሚበተን ነው የሚወስነው። 30 ብትሰጠው ግራፉ ከናሙናህ ጋር ሊቀራረብልህ ይችላል። ችግሩ ግን እዚያው ነው።

የላክኸውን ሰንጠረዥ ሳይ ዓይኔ ያረፈው ኬዲ ላይ፣ ማለትም አፈሩ አንድን ንጥረ ነገር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ በሚያሳየው ቁጥር ላይ ነው። ለአሞኒየም 3.5፣ ለናይትሬትም 3.5። ኮፒ ስታደርግ አብሮ የሄደ ይመስለኛል። አሞኒየም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ሸክላው ጠፍሮ ይይዘዋል። ናይትሬት ኔጋቲቭ ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር አይዘውም። ዜሮ አድርገው። እስቲ አስላው፦ ባልክ ዴንሲቲህ (የደረቀው አፈር ክብደት ለያዘው ቦታ ሲካፈል) 1.2፣ በ3.5 ሲባዛ 4.2። ለእርጥበቱ፣ ለ0.4 ስታካፍለው 10.5። 1 ስትደምርበት 11.5፤ ናይትሬቱ ከውሃው በዚህን ያህል እጥፍ ይዘገያል። ውሃው 60 ሳንቲሜትር ሲወርድ ናይትሬትህ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። ለአሞኒየም ልክ ነው፤ ለናይትሬት ግን አይሆንም።

ቀጥሎ ውሃው። የሸክላን ቁጥሮች ከፕሮግራሙ ካታሎግ እንዳሉ ወስደሃል። ካታሎጉ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ የሚይዘው 0.38 ነው ይላል። አንተ ደግሞ ባልክ ዴንሲቲውን 1.2 ብለሃል። ሁለቱ አይገናኙም። 1.2 ለአፈር ቅንጣቶች ጥግግት፣ ለ2.65 ተካፍሎ ከ1 ሲቀነስ 0.55 ገደማ ክፍት ቦታ ይመጣል፤ ስለዚህ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ጀምር። ከቻልክ የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ድርሻውን ከባልክ ዴንሲቲው ጋር ሮዜታ (ከእነዚህ ቁጥሮች የአፈሩን የውሃ ባሕርይ የሚገምት መሣሪያ) ውስጥ አስገባና የሚያወጣልህን ውሰድ። ፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ አለ። በሞዴሉ ያለው የአፈሩ እርጥበት ከማሳው ጋር ሳይገጥም ናይትሬቱን መነካካት ድካም ብቻ ነው።

ከዜሮ በታች የወጣው ቁጥር ቀላል ነው። 100 ሳንቲሜትሩን በ21 ኖድ (ሞዴሉ በሚያሰላባቸው ነጥቦች) ስትከፍለው በየ5 ሳንቲሜትሩ ይሆናል። ዲስፐርሲቪቲህ ደግሞ 1 ነው። በኖዶቹ መካከል ያለው ርቀት ከዲስፐርሲቪቲው እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል። 101 ኖድ አድርገው። ዲስፐርሲቪቲውን ደግሞ ናይትሬቱ ከሚሄድበት ርቀት አንድ አስረኛ ገደማ፣ ማለትም 6 ሳንቲሜትር አካባቢ ብለህ ጀምር። 30 ግን ለ60 ሳንቲሜትር ጉዞ በጣም የተጋነነ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህም ናሙናህ ከሞዴሉ ከቀደመ፣ ንቃቃቱን ጠርጥር። መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በዚያ በኩል በቀጥታ ወደ ታች ይሾልካሉ፤ አፈሩ ሲያብጥ ደግሞ ይዘጋል። ለዚህ ዱዋል ፖሮሲቲ የሚለውን፣ አፈሩን ውሃ በሚፈስበትና በሚቆምበት ክፍል ለይቶ የሚያሰላውን ምርጫ ክፈት። ግን አፈሩ የማይዘው፣ ተክል እንደ ናይትሬት የማይቀራመተው የብሮማይድ ልኬት ቢኖርህ ጥሩ ነው። ናይትሬትን ስንዴውም ይወስደዋል፣ ውሃ የተኛበት መረሬ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። በእሱ ብቻ ሦስት አራት ፓራሜትር ላስተካክል ካልክ የትኛው ምን እንዳደረገ አይለይህም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ በካሬ ሳንቲሜትር 0.46 ሚሊግራም። በ2 ሳንቲሜትር ዝናብ ከሟሟ መጠኑ በኪዩቢክ ሳንቲሜትር ውሃ 0.23 ሚሊግራም ይሆናል። ዩሪያው በቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ስለሚቀየር፣ በአሞኒየም ስም ብታስገባው ያስኬዳል። ይህን ቁጥር የተበተነበት ቀን ላይ ብቻ ጻፈው፤ በሌሎቹ የዝናብ ቀናት ዜሮ። አንተ ግን ሁሉም ላይ ሞልተኸዋል፤ በዘነበ ቁጥር ማዳበሪያ እየበተንክ ነው።