አሮጌው ቤሬታ ወይስ አዲሱ ካርባይን፦ ለግቢ ጥበቃ የቱ ይሻላል?

ጥያቄው የደረሰን ገላን አካባቢ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ከሚመሩ አንባቢ ነው። ድርጅቱ በፈቃድ የያዘው አንድ የጣሊያን ዘመን ቤሬታ አለ፣ በሽጉጥ ጥይት በተከታታይም የሚተኩስ ሞዴል 38። ሞላውን ቀይረው በእሱ ይቀጥሉ ወይስ በ9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት የሚሠራ አዲስ ካርባይን (አጭር ጠመንጃ) እንዲፈቀድላቸው ያመልክቱ?

ለዕለት ጥበቃ አዲሱ ይሻላል። አሮጌውን የሚጥለው ዕድሜው አይደለም፤ ብረቱ ዛሬም ከብዙ አዳዲሶች ይበልጣል። የሚጥለው አሠራሩ ነው።

ሞዴል 38 ሲቀባበል መዝጊያው ወደ ኋላ ተስቦ እዚያው ይቆማል። ቃታው ሲሳብ መዝጊያው ወደ ፊት ይወረወራል፣ በመንገዱ ከካዝናው ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል፣ ወዲያው ይተኩሳል። አደጋው ያልተቀባበለ መሣሪያ ላይም አለ። ካዝናው ጥይት እንደያዘ ተሰክቶ መሣሪያው በሰደፉ ቢወድቅ፣ ከባዱ መዝጊያ በውድቀቱ ኃይል ወደ ኋላ ይሄዳል። ቃታው የሚይዝበት ቦታ ሳይደርስ ከተመለሰ ጥይት አንሥቶ ይተኩሳል፣ ማንም ቃታ ሳይነካ። መሣሪያ አንግቶ የማማ መሰላል የሚወጣና የሚወርድ ጥበቃ ላለው ግቢ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቃታዎቹ ናቸው። ሞዴል 38 ሁለት ቃታ አለው፤ የፊተኛው በነጠላ፣ የኋለኛው በተከታታይ ይተኩሳል። በሌሊት የደነገጠ ሰው ጣት የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ዋስትና የለም። ገላን ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ቆርቆሮ ይበሳል፣ የጭቃ ግድግዳም ላያቆመው ይችላል፤ ሽቅብ ከተተኮሰ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ይወድቃል።

አዲሶቹ ካርባይኖች በአብዛኛው መዝጊያቸው ተዘግቶ ይጠብቃሉ፤ ቃታው የሚለቀው መዶሻውን ወይም መምቻውን ብቻ ነው። ከዚያው ፋብሪካ የወጣውን ሲ ኤክስ 4 ስቶርምን እንውሰድ። ባዶውን 2.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሞዴል 38 ከ4 ኪሎ በላይ ነው። ርዝመቱ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የአሮጌው 95 ይጠጋል። የሲ ኤክስ 4 ቱቦ 42 ሴንቲ ሜትር፣ የሞዴል 38 ደግሞ 31.5 ነው፤ ለዚህ ልዩነት ግን ብዙ አይክፈሉ። የሽጉጥ ጥይት ባሩድ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ነድዶ ያልቃል፣ የተጨመረው ቱቦ የሚያስገኘው ፍጥነት ትንሽ ነው። የአዲሱ ጥቅም የሚታየው በነጠላ ሲተኮስ ነው፤ ከባድ መዝጊያ ከጥይቱ በፊት ወደ ፊት እየተወረወረ እጅን አያናውጥም። የአሮጌው ማነጣጠሪያ እስከ 500 ሜትር ተቆጥሮበታል፤ አይመኑት፣ ይህ ጥይት እስከ 100 ሜትር ድረስ ነው ሥራው።

አዲሱም ቢሆን በጥበቃ ሰዓት ቱቦው ውስጥ ጥይት ሳይጎርስ ይያዝ።

ጥይት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «9 ሚሊ» የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለቱም መሣሪያዎች የሚፈልጉት 9×19፣ ፓራቤለም ወይም ሉገር የሚባለውን ነው። የማካሮቭ ጥይት 9×18 ሲሆን እርሳሱ ወፈር ይላል፣ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ በግድ አይሞከርም። የቤሬታ 1934 ሽጉጥ የሚጎርሰው ደግሞ አጭሩን፣ 9×17ን ነው። ከሁሉ አሳሳቹ የድሮው የጣሊያን ግሊሰንቲ ጥይት ነው፤ መጠኑ ከ9×19 ጋር አንድ ሊባል ይችላል፣ ባሩዱ ግን ደካማ ነው። በሞዴል 38 ሲተኮስ መዝጊያውን እስከ መጨረሻ ላይገፋው ስለሚችል ቀለሁ ተቀርቅሮ ይቀራል። ብዙዎች ይህን የሞላ ችግር አድርገው ያዩታል። ስለዚህ ሞላ ከመግዛትዎ በፊት የቀለሁን ግርጌ ጽሑፍ ያንብቡ። ከጦርነቱ ዘመን የተረፈ ጥይት ካለ አይተኩሱት፤ የዚያ ዘመን ካፕሱል (ቀለሁ ግርጌ ላይ ያለችው መለኮሻ) ብዙ ጊዜ ጨው የሚተው ነው፣ ቱቦውን በክረምት እርጥበት በጥቂት ቀን ያዝገዋል። ተተኩሶ ከሆነ ዘይት ብቻ አይበቃም፤ ጨውን የሚያሟሟው ውኃ ነው። በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ዘይት ይቀባ።

ቤሬታውን በፈቃዱ ማቆየት ከፈለጉ ካዝናው ወጥቶ፣ መዝጊያው ወደ ፊት ሆኖ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። ሞላው ከደከመ መዝጊያው የኋላውን ግድግዳ በኃይል እየመታ ይሰነጥቀዋል፤ ሞላውን ስቦ ማስረዘም መፍትሔ አይደለም፣ በጥቂት ተኩስ ተመልሶ ያጥራል። የካዝናውን ከንፈሮች ይዩ፤ ከተከፈቱ ጥይቱ ሽቅብ ይቆማል። ቃታውና መዝጊያው የሚያያዙበት ጥርስ ጠርዙ ከተበላ የተቀባበለ መሣሪያ በራሱ ሊለቅ ይችላል። እሱን በሞረድ ወይም በብየዳ የሚነካ ሠራተኛ ዘንድ አይውሰዱት፤ ክፍሉ ራሱ መቀየር አለበት፣ ክፍል ካልተገኘ መሣሪያው ከሥራ ይውጣ።

ለአዲሱ መሣሪያ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ፈቃዱን ይጨርሱ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። በወረቀቱና በብረቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይንኩት። ሙከራው በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ይደረግ፣ በሦስት ካዝና፣ እርስዎ በሚገዙት ጥይት። ቀለሁን ሁሉ ይልቀሙ። ግርጌው አጠገብ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ከተገኘ መሣሪያውን ለሻጩ ይመልሱት።