ጥያቄና መልስ፦ ስማቸው ያልገነነ የሮክ ባንዶችን ማግኘትና ማካፈል

ጥያቄ፦ ኢንዲ ሮክ (ከትልልቆቹ ሙዚቃ አሳታሚዎች ውጭ የሚሠራ ሮክ) እወዳለሁ። የማዳምጥበት መተግበሪያ ግን እነዚያኑ አምስት ስድስት ባንዶች እያመላለሰ ያቀርብልኛል። ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ለማግኘት ከየት ልነሳ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከባንዱ ሳይሆን ካሳተመው ሙዚቃ ቤት ይነሱ። መተግበሪያው በአመዛኙ የሚመርጥልዎ ሌሎች አድማጮች አብረው የሚሰሙትን አይቶ ስለሆነ፣ አድማጩ ጥቂት ለሆነ ባንድ ተራው አይደርሰውም። ትንሽ ሙዚቃ ቤት ግን የአንድ ሁለት ሰው ጆሮ የመረጠው ስብስብ ነው። የአምሐ ሪከርድስን ሸክላዎች የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይጠፋውም።

ፍላይንግ ነንን እንውሰድ። ሮጀር ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1981 ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ ያቋቋመው ሙዚቃ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ዘ ክሊን የተባለው የደነዲን ከተማ ባንድ «ታሊ ሆ!» የተባለውን ዘፈን በ50 ዶላር ገደማ ቀርጾ በአገሩ የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዥ 19ኛ ደረጃ ደረሰ። ለጀማሪ የምንመርጠው ግን የ1982ቱን «ደነዲን ደብል» ነው፦ ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ፣ በየገጹ አንድ ባንድ፤ ዘ ቺልስ፣ ስኒኪ ፊሊንግስ፣ ዘ ስቶንስ እና ዘ ቨርሌንስ።

ከዚያ ዲስኮግስ (የሸክላና የአልበም መረጃ የተመዘገበበት ድረ ገጽ) ላይ የሙዚቃ ቤቱን ገጽ ከፍተው በዓመት ያስደርድሩት። ሙዚቃውን የቀረጹትን ባለሙያዎች ስምም ይጫኑ። ክሪስ ኖክስና ዳግ ሁድ ዘ ክሊንን በባለ አራት ትራክ ቴፕ (አራት የድምፅ መስመር ብቻ ባለው መቅረጫ) ነው የቀረጹት፤ ስማቸው ወደ ሌሎች ባንዶች ይመራዎታል።

ሰው የሚሳሳተው ፍለጋው ላይ ነው። «ዘ ስቶንስ» ብለው ብቻ ከጻፉ የሚመጣልዎ ሮሊንግ ስቶንስ ነው፤ የሙዚቃ ቤቱን ስምና ዓመቱን ይጨምሩበት። ሌላው፣ በስልክ ስፒከር ሰምተው አይፍረዱ። ትራኩ አራት ብቻ ሲሆን ብዙ መሣሪያ አንድ ላይ ይታጨቃል፣ በኋላም ሊለያይ አይችልም። ቤዙን ለመስማት ማዳመጫ ጆሮዎ ላይ ያድርጉ፤ ሦስት ጊዜም ይስሙት።

ጥያቄ፦ ከቪዲዮ ላይ አውርጄ ወደ 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 የቀየርኩት ዘፈን ድምፁ ለምን ደብዛዛ ሆነ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቪዲዮው ላይ ያለው ድምፅ ቀድሞውኑ ተጨምቋል። የጠፋው ስለማይመለስ እንደገና ሲቀይሩት ፋይሉ ያብጣል እንጂ ድምፁ አይጠራም። የአራት ደቂቃ ዘፈን በሰከንድ 320 ኪሎቢት ሲሆን 9.6 ሜጋባይት፣ በ128 ደግሞ 3.8 ያህል ነው፤ ትርፉ ዳታ ማባከን ብቻ ይሆናል። ባንድካምፕ (ባንዶች ሙዚቃቸውን በቀጥታ የሚሸጡበት ድረ ገጽ) ላይ ሲገዙ ፍላክም (ድምፁ ምንም ሳይጎድል የተጨመቀ ፋይል) ኤምፒ3ም ምርጫው የእርስዎ ነው። ለጓደኛም ከፋይሉ ይልቅ ሊንኩን ይላኩ፤ አብዛኛው ዘፈን ሳይገዙት ይሰማል፣ ከወደደውም ገንዘቡ ባንዱ ጋ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ ስንት ዘፈን ልላክለት?

መልስ፦ ሦስት። ሙሉ አልበም የተላከለት ሰው «በኋላ» ብሎ ይተወዋል። የ1980ዎቹ ቀረጻዎች ብዙ ጊዜ ከዛሬዎቹ ድምፃቸው ዝቅ ስለሚል፣ ከአዲስ ዘፈን ጋር ካደባለቁ መተግበሪያው ላይ የዘፈኖቹን የድምፅ ከፍታ እኩል የሚያደርገውን ማመጣጠኛ ያብሩ። የዘ ቺልስን «ፒንክ ፍሮስት» (1984) የሚልኩ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት፦ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ፈካ ያሉ ናቸው፣ ዘፈኑ የሚጀምረው ጊታሩ ድንገት ከጨለመ በኋላ ነው።