ጥያቄና መልስ፦ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰው ልቡን በምስል መመርመር ያለበት መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ልቤ የማስብበት ምን ምክንያት አለ?

መልስ፦ ቫይረሱ መታፈኑ ለልብዎም ትልቅ ጥበቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመው ስማርት የተሰኘ ጥናት መድኃኒታቸውን እያቋረጡ በሚወስዱ ሰዎች ላይ የልብና የደም ሥር ሕመም እንደሚበዛ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ቫይረሱ በታፈነበት ሰውነት ውስጥም ቀለል ያለ ብግነት ስለሚቀጥልና ይህም የደም ሥሮችን የውስጥ ግድግዳ ስለሚጎዳ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ትንፋሽ እያጠረኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ኢሲጂው ደህና ነው ከተባልኩ በኋላ ኤኮ ታዘዘልኝ። ወጪው ይገባል?

መልስ፦ ይገባል፤ ደግሞም አይዘግዩ። ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ይመዘግባል እንጂ ጡንቻው ምን ያህል እንደሚኮማተር በቀጥታ አያሳይም። ኤኮ ግን ጨረር በሌለው የድምፅ ሞገድ የልብን ክፍሎች፣ ቫልቮቹንና ሽፋኑን ያሳያል፤ የግራው የታችኛው ክፍል በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚረጭም በመቶኛ ይለካል፤ ይህ ቁጥር ከ50 በታች ሲሆን ምክንያቱ መፈለግ አለበት። በአገራችን ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች በዚሁ ምርመራ ይገኛሉ። አንደኛው በቲቢ ምክንያት በልብ ሽፋን ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ ሲሆን፣ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው፣ ቶሎ ከታወቀም የሚታከም ነው። ሁለተኛው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የመጣና ሳይታወቅ የቆየ የቫልቭ ጉዳት ነው። የትንፋሽ ማጠር ሁሉ የሳንባ ነው ተብሎ ሲታለፍ በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ እግሩ ያበጠ ወይም ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ኤኮ ሳይታይ መመለስ የለበትም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የምትኖር እኅቴ በሲቲ ስካን የልቧ የካልሲየም መጠን ዜሮ ነው ተባለች። ነጻ ናት ማለት ነው?

መልስ፦ ጥሩ ዜና ነው፤ ሙሉ ማረጋገጫ ግን አይደለም። ያ ምርመራ የሚቆጥረው በልብ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያለውን በካልሲየም የጠነከረ ክምችት ብቻ ሲሆን፣ ለስላሳውን የስብ ክምችት ለማየት የደም ሥሮችን በምስሉ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ የንፅፅር መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ያስፈልጋል። ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ በተደረገው ሪፕሪቭ በተባለው ትልቅ ጥናት ውስጥ አሜሪካ ያሉ ተሳታፊዎች በዚህ መንገድ ሲታዩ፣ የታወቀ የልብ ሕመም ያልነበራቸውና ሥጋታቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ የተባሉ ሆነው ሳለ፣ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ክምችት ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ ሁላችንም ሲቲ መነሣት የለብንም?

መልስ፦ ምልክት ለሌለው ሰው አልመክርም። በዚሁ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 ዓመት የሆኑ 7,769 ሰዎች ተሳትፈው፣ ፒታቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱ) የወሰዱት ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር ሕመም በ35 በመቶ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2023 ተገልጿል፤ መድኃኒቱን ለመጀመር ግን ማንም በቅድሚያ በሲቲ እንዲታይ አልተጠየቀም። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ለሲቲ የሚያወጣውን ገንዘብ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለኮሌስትሮል ክትትል ቢያውለው፣ ሲጋራ ቢያጨስ ቢያቆም፣ ስለ ስታቲንም ሐኪሙን ቢያማክር የተሻለ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። ሲንቀሳቀሱ የሚሰማዎ የደረት ሕመም ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሲቲው የሚመልሰው ጥያቄ አለ። የንፅፅር መድኃኒቱ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ግን ኩላሊትዎ አስቀድሞ ይታይ፤ በተለይ ኩላሊትን ሊነካ የሚችለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ቴኖፎቪርን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ከሆነ።

ጥያቄ፦ ስታቲን ከኤችአይቪ መድኃኒቴ ጋር ይጋጫል?

መልስ፦ ዶሉቴግራቪር ከሚወስዱ አይጋጭም። ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒት የሚወስዱ ግን ሲምቫስታቲን ፈጽሞ መውሰድ የለባቸውም፤ የአቶርቫስታቲንም መጠን መገደብ አለበት።

ጥያቄ፦ የልብ ኤም አር አይስ?

መልስ፦ በጡንቻው ውስጥ ያለ ጠባሳንና ብግነትን ለይቶ ያሳያል፤ ተፈላጊነቱ ኤኮ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው።

ጥያቄ፦ ለኤኮ ጾሜን ልምጣ? መድኃኒቴንስ ላቋርጥ?

መልስ፦ በደረት ላይ ለሚሠራው መደበኛ ኤኮ መጾም አያስፈልግም፤ የኤችአይቪ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። የቀድሞ የኤኮ ውጤት ካለዎት ይዘው ይምጡ፤ ለውጥ መኖሩ የሚታወቀው አዲሱ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ነው።