መልስ፦ በትንሽ ብር ለሥራም ለመዝናኛም የሚሆን ሞኒተር የቱ ነው?

ወንድሜ፣ ቀን ኤክሴል፣ ማታ ፊልምና ኳስ ካልክ በያዝከው ብር 27 ኢንች አያጓጓህ። 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ምስል እዚያ ላይ ሲለጠጥ ጽሑፉ ይሻክራል፤ «ቋ» እና «ቁ»ን ለመለየት ማፍጠጥህ ነው። 24 ኢንች አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት) ይበቃሃል። ቲኤን የሚባለው ሌላው የስክሪን ዓይነት ይረክሳል፣ ግን ከጎን ለተቀመጠ ሰው ቀለሙ ይለወጣል፤ ኳስ ደግሞ ብቻህን አታይም መቼም!

እዚህ ሐዋሳ ያገለገለ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ካገኘህ አትናቀው። ብሩን ሳትቆጥር ግን ሱቁ ውስጥ አስከፍተህ ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉ ጥቁር ምስል አሳየኝ በል፤ የሞተች ነጥብ ወይም ቢጫ ጥላ ካለ ያኔ ይታያል። ጀርባውንም እይ፦ ላፕቶፔ ያለው የምስል ገመድ መሰኪያ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው ብለሃል፣ አሮጌዎቹ ላይ ግን ቪጂኤ የሚባለው የድሮ መሰኪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ስፒከር የላቸውም፤ ለእሱም ትንሽ ብር አስቀር።