የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ቴፕ ለማንበብ የትኛው ድራይቭ ይገዛ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በቪዲዮ ቀረጻ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ሥራውን ሲያስረክበኝ፣ ለዓመታት የቀረጻቸውን ሠርጎችና በአፄ ፋሲል መዋኛ የተከበሩ የጥምቀት በዓላትን የያዙ 14 የኤልቲኦ ካርትሪጆች (የኮምፒውተር መረጃ የሚቀመጥባቸው ቴፖች) ሰጥቶኛል። በ6ቱ ላይ የተለጠፈው የባርኮድ ጽሑፍ «ኤል 3»፣ በ8ቱ ላይ ያለው ደግሞ «ኤል 4» በሚል ያበቃል። ያነባቸው የነበረው ድራይቭ ተበላሽቷል። አንድ ነጋዴ ያገለገለ 7ኛ ትውልድ ድራይቭ «አዲሱ የድሮውን ሁሉ ያነባል» ብሎ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛው? «ዲዲኤስ 4» የተባለች አንዲት ትንሽ ካሴትም አለችኝ።

መልስ፦ አይግዙት። «ኤል 3» የኤልቲኦን 3ኛ፣ «ኤል 4» ደግሞ 4ኛ ትውልድ ያመለክታሉ፤ 7ኛው ትውልድ ከ14ቱ ካርትሪጆችዎ አንዱንም አያነብም። እስከ 7ኛው ትውልድ ድረስ በሠራው ደንብ መሠረት አንድ ድራይቭ የራሱንና ከእሱ በፊት የነበሩትን 2 ትውልዶች ያነባል፤ የሚጽፈው ግን በራሱና በቅርብ ቀዳሚው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ 7ኛው ወደ ኋላ ሲቆጥር 5ኛው ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 8ኛው ትውልድ ደግሞ ይብሳል፤ የማንበቢያ ጭንቅላቱ ዓይነት ስለተለወጠ ከ7ኛው በታች አይወርድም። 6ኛው «ኤል 4»ን ቢያነብም «ኤል 3»ን አይቀበልም። ሁለቱንም የሚያነብልዎ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው 5ኛው ትውልድ ነው። ነጋዴው አዲስነትን ቢያወድስ አይፈረድበትም፤ በኮምፒውተር ዕቃ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፣ በቴፕ ግን ድራይቭ የሚመረጠው በእጅ ባለው አሮጌ ካርትሪጅ ልክ ነው።

በ5ኛው ትውልድ ካርትሪጅ ካርቶን ላይ «3 ቴራባይት» የሚል ቢያዩ አይደናገሩ፤ ይህ መረጃው በግማሽ ይጨመቃል በሚል የተሰላ ነው። የ5ኛው ትክክለኛ መጠን 1.5 ቴራባይት ሲሆን፣ አስቀድሞ የተጨመቀ ቪዲዮ ደግሞ ዳግመኛ እምብዛም አይጨመቅም። «ኤል 3» 400፣ «ኤል 4» 800 ጊጋባይት ስለሚይዙ፣ ሁሉም ጢም ብለው ቢሞሉ እንኳ ጠቅላላው 8.8 ቴራባይት ነው፤ 6 አዳዲስ የ5ኛ ትውልድ ካርትሪጆች ይበቁታል። ሙሉ «ኤል 4» በሰከንድ በ120 ሜጋባይት ሲነበብ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ መብራት ቢሄድ ሥራው መሃል ላይ እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ያዘጋጁ።

የ5ኛ ትውልድ ድራይቮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት በሳስ ገመድ እንጂ በዩኤስቢ አይደለም፤ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገጠም የሳስ ካርድ ያስፈልግዎታል። ካርዱ ተራ ማገናኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ዲስኮችን ለማጣመር የተሠሩት የሬይድ ካርዶች ቴፕን ሁልጊዜ አይለዩም።

ዲዲኤስ ሌላ ዘር ነው፤ ክሩ 4 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው ከኤልቲኦ ግማሽ ኢንች ክር ጋር አይገጥምም፣ የራሱን ድራይቭ ይፈልጋል። የምትይዘው 20 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ድራይቩን ከመግዛት ድራይቩ ያለው ሰው ፈልጎ ማስገልበጥ ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ወንድምዎን ይጠይቁ፦ ቴፖቹ የተጻፉት በየትኛው ፕሮግራም ነው? ካርትሪጅን እንደ ፍላሽ ከፍቶ ፋይሎችን ማየት የተቻለው ከ5ኛው ትውልድ ጀምሮ ስለሆነ፣ የእርስዎዎቹ በታር (ፋይሎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ በሚጽፍ ፕሮግራም) ወይም በአንድ የባክአፕ ፕሮግራም የተጻፉ መሆን አለባቸው፤ ፕሮግራሙ ካልታወቀ ድራይቩ ቢያነብም ፋይሉን መልሶ ማውጣት ይቸግራል። እያንዳንዱን ካርትሪጅ ከማስገባትዎ በፊትም ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ተዘጋው ምልክት ይግፏት፤ ያን ጊዜ በስህተት ሊጻፍበት አይችልም።